«ደመወዝ እንጂ ድርጎ አንሰጥም» ሲሉ ምን ማለታቸው ነው?

ብርሃኑ ዘአራዳ
ሰላም የቋንቋ ሰዎች። እሁድ ከቅዳሴ በኋላ የሰበካ ጉባኤ ስብሰባ ነበረን። የካህናቱ ክፍያ ይጨመር አይጨመር ሲባል አንድ ሽማግሌ ተነሡና «እኛ ለካህን ደመወዝ እንጂ ድርጎ አንሰጥም፤ ድርጎ ነውር ነው» ብለው ቁጭ አሉ። ግማሹ አጨበጨበ፣ ግማሹ ተያየ። እኔ ድርጎ የመነኩሴ የዕለት ምግብ እንደሆነ ነው የማውቀው። ነውሩ ምኑ ላይ ነው? ቃለ ጉባኤውን የምጽፈው እኔ ስለሆንኩ ቶሎ በሉልኝ።

ዋሸራ ያደረ
ቀላል ነው። ድርጎ ከላይ የሚወርድ ነው። ንጉሥ ለእንግዳው፣ ለመልእክተኛው፣ ለግዞተኛው በየዕለቱ የሚያስቆርጥለት እንጀራ፣ ጠጅ፣ በግ። በ19ኛው መቶ ዘመን ወደ ሸዋና ጎንደር የመጡ ፈረንጆች የጉዞ ማስታወሻቸውን የሞሉት «ድርጎ መጣ፣ ድርጎ ቀረ» በሚል ወሬ ነው። ሰጪው ደስ ሲለው ይበዛል፣ ሲቀየም ይቋረጣል። ደመወዝ ግን ደምህና ወዝህ ነው። ደም፣ ወዝ። አለቀ።

ሰዋስው ወዳድ
አላለቀም ወንድሜ። «ደመ ወዝ» ብለህ እንደ ግእዝ ሁለቱን ቃል ካናበብከው እንደ «ደመ ክርስቶስ» ነው የሚሄደው። የወዝ ደም ማለት ይሆናል እንጂ ደምና ወዝ አይሆንም። «ና» የት ሄደች?

ዋሸራ ያደረ
ወዝ አማርኛ ነው። አማርኛን በግእዝ ሙያ አታስጨንቃት።

ሰዋስው ወዳድ
አማርኛ ከሆነማ «ደም ወዝ» ይባል ነበር። ያቺን «መ» ግእዝ ማን አደረጋት? ዋድላ ቅኔ ቤት ብትማር ይህን አትስትም ነበር።

ዋሸራ ያደረ
ጀመርን እንግዲህ።

ቀበና ዳር
እኔ የራሴን ልበል። ድርጎ እና ደርግ ሥረ ቃላቸው አንድ ነው። ድ፣ ር፣ ግ። ተመልከቱ፣ ለቀዳሾች የተተወውን የሰሞን መሬት ማን ወሰደው? የካቲት 25 ቀን 1967 የገጠር መሬት አዋጅ ሲወጣ የቤተ ክርስቲያኑም አብሮ ሄደ። ድርጎ አቋራጩ ራሱ ደርግ! ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ ትፈልጋላችሁ?

ዋሸራ ያደረ
ደርግ በግእዝ ኅብረት፣ አንድነት ነው። ከእንጀራ ጋር ምን አገናኘው?

ቀበና ዳር
ኅብረት ሆኖ ነው እንጂ ብቻውን ማን ያን ሁሉ ይበላል 😂

ጎንደሬዋ
እናንተ በሥር ስትጣሉ የሰውየው ጥያቄ ቀረ። ቅድሚያ «ሰሞን»ን አጥሩ። ሰሙን በግእዝ ሳምንት ነው፣ ከስምንት የመጣ። ሰሞነኛ ማለት ሳምንቱ የደረሰው ቀዳሽ ነው። የሰሞን መሬት ለዚያ አገልግሎት የተተወ መሬት ነው። አያቴ ሰሞነኛ ነበሩ። ሳምንታቸው ሲደርስ ሌሊት ተነሥተው ይሄዳሉ፣ ሳምንታቸው ሲያልፍ በሬ ጠምደው ያርሳሉ። መሬቱ ሲሄድም ሳምንቱ አልቀረላቸውም፣ ያው ሌሊት መነሣት ነው። ከዚያ በኋላ የመንደሩ ሰው ከአውድማ ላይ በቁና እየሰፈረ ይሰጣቸው ጀመር። አንዳንዱ ቁናውን ከምሮ ይሰጣል፣ አንዳንዱ ደግሞ አፉን በእጁ ልጦ። አያቴ ያቺን ቁና ደመወዝም ድርጎም አላሏትም። «የሰው ፊት» ነበር የሚሏት። ሽማግሌው ነውር ያሉት ይሄን ይመስለኛል።

ብርሃኑ ዘአራዳ
እትዬ ይሄ ደስ ይላል። ግን ቃለ ጉባኤ ላይ «የሰው ፊት» ብዬ ልጽፍ ነው?

ሰዋስው ወዳድ
ቁና ካላችሁ አይቀር፣ የገዳሙ «መቁነን» ከዚሁ ከቁና ነው የሚል ሐሳብ አለኝ። ለመነኩሴ በየዕለቱ በልክ የሚሰጥ ራሽን። መስፈሪያው ቁና፣ የተሰፈረው መቁነን።

ዋሸራ ያደረ
ከመኰንን ነው የሚሉም አሉ።

ሰዋስው ወዳድ
እነዚያ «ከ»ን ከ«ቀ» የማይለዩ ናቸው። በሰፈሩት ቁና መሰፈር አይቀርም፣ አንድ ቀን አንተንም እንዲህ ያርሙሃል።

ጴንጤው ወዳጃችሁ
ይቅርታ፣ ከአጥሩ ማዶ አንድ ነገር ልበል? መልሱ ወንጌሉ ውስጥ አለ። የ1954ቱን መጽሐፍ ቅዱስ ክፈቱ። ማቴዎስ 10፥10 «ለሠራተኛ ምግቡ ይገባዋልና» ይላል። ሉቃስ 10፥7 ላይ ያው ንግግር «ደመወዙ» ሆኖ ይመጣል። ግሪኩም ሁለት የተለያየ ቃል ነው፣ አንዱ ምግብ፣ ሌላው የሥራ ዋጋ። ስለዚህ የሽማግሌው ክርክር ከሁለት ሺህ ዓመት በፊት ተጀምሯል ማለት ነው። ሽማግሌው ሉቃስን ይዘዋል፣ ገዳሙ ማቴዎስን ይዟል። ጳውሎስ ደግሞ በ1 ጢሞቴዎስ 5፥18 «የሚያበራየውን በሬ አፉን አትሰር» ከሚለው ጋር አያይዞ የሉቃሱን ደገመው።

ጎንደሬዋ
ተባረክ። ይሄ ጥሩ ነው።

ዋሸራ ያደረ
ጥሩ ነው፣ ግን ማቴዎስ ላይ ሁለት ቁጥር ከፍ በል። «በከንቱ ተቀበላችሁ፥ በከንቱ ስጡ» ይላል። ምግብ ያለው ለዚህ ነው። ምግብ ይበቃል፣ ሥራው አይሸጥም። ደመወዝ ካልከው ቅዳሴው በሰዓት ሊለካ ነው። ትርፍ ሰዓትም ልትከፍል ነው? የሰሙነ ሕማማት ስግደት በድርብ ይታሰባል?

ጴንጤው ወዳጃችሁ
እኛ ጋ «የፍቅር ስጦታ» ይባላል፣ ፖስታ ውስጥ ይገባል፣ ስንት እንደሆነ ማንም አያወራም። እሱም ችግር አለው። የሚወደድ ሰባኪ ፖስታው ይወፍራል፣ ዝም ያለው እረኛ ይሳሳል። ከዚያ ስብከቱም ለፖስታው መስበክ ይጀምራል። በዚህ በዚህ እኔ ከሽማግሌው ጋር ነኝ፣ የታወቀ ደመወዝ ይሻላል።

የሕግ ሰው
1 ቆሮንቶስ 9፥14ን ማን ረሳው? «ወንጌልን የሚሰብኩ ከወንጌል ቀለብ እንዲቀበሉ ጌታ ደንግጎአል»። ደንግጎአል! ድንጋጌ ነው፣ ምጽዋት አይደለም። ቀለብ ደግሞ በእኛ ሙያ የታወቀ ነው። ልጅ ካለህና ካልከፈልክ ትከሰሳለህ። እንግዲህ ምእመኑ ጥሎ የሄደ አባት መሆኑ ነው 😄

ቀበና ዳር
ቀለብ ግን ከ«ቀለበ» ነው። ኳስ ይቀልባል እንደምንለው። ቄሱ የተወረወረውን ይቀልባል።

ዋሸራ ያደረ
አንተ ልጅ ማን ነው ያስገባህ እዚህ?

ሰዋስው ወዳድ
የሕግ ሰው፣ ምዕራፉን አንብበው ጨርሰው ነው? እዚያው ምዕራፍ ላይ ጳውሎስ መብቴ ነው ካለ በኋላ ግን አልተጠቀምኩበትም ይላል። ቆሮንቶስ ላይ ድንኳን እየሰፋ ነው የኖረው። መብቱን የሚሞግተው ለሌሎቹ ነው፣ ለራሱ ይተወዋል።

የሕግ ሰው
አዎ፣ ግን ሁሌም እንደዚያ አልነበረም። ከፊልጵስዩስ ሰዎች ተቀብሏል፣ ተሰሎንቄ እያለ እንኳ ልከውለታል። ፊልጵስዩስ 4። ቆሮንቶሶች ላይ ያልተቀበለው እንዳያሙት ነው። ማንን እንደምትቀበል መምረጥም ነፃነት ነው። ቄሱ ግን መምረጥ አይችልም፣ የወር ቤት ኪራይ አለበት። ለዚህ ነው የጳውሎስን ድንኳን ለቄሱ የሚመክሩ ሰዎች የሚያናድዱኝ። ራሱ ሰፋ እንጂ ቤተ ክርስቲያኗ «ሂድና ስፋ» አላለችውም።

ጎንደሬዋ
ይህን ለሰበካ ጉባኤው ያንብቡልን።

ብርሃኑ ዘአራዳ
ዜና፦ ዛሬ ተሰብስበን ጭማሪው አለፈ። ፔሮል ላይ «ደመወዝ» ተብሎ ይቀጥላል። ግን አንድ ዲያቆን ተነሥቶ «ሰበካ ጉባኤ ራሱ ከመቼ ጀምሮ ነው?» ብሎ ሌላ ክርክር አስነሣ።

ዋሸራ ያደረ
ቃለ ዓዋዲ፣ ማለት የሰበካ ጉባኤው መተዳደሪያ ደንብ፣ የወጣው በ1965 በፓትርያርኩ በአቡነ ቴዎፍሎስ ጊዜ ነው። መሬቱ የተወረሰው በ1967። ሁለት ዓመት ቀድመው ምእመኑ በአባልነት መዋጮ ካህኑን እንዲይዝ አደረጉ። ያ ባይቀድም ዛሬ የምትጨቃጨቁበት ደመወዝም አይኖርም ነበር። ሰው ሁሉ «ሲሶ ለነጋሽ፣ ሲሶ ለቀዳሽ፣ ሲሶ ለአራሽ» እያለ የቀዳሹን ሲሶ ያወራል፣ ሲሶው ከሄደ በኋላ የሆነውን ግን ማንም አያወራም።

ሰዋስው ወዳድ
«ለተኳሽ» ነው እንጂ «ለአራሽ» አይደለም።

ዋሸራ ያደረ
ተኳሽ ከጠመንጃ በኋላ ነው። አባባሉ ከጠመንጃ ይቀድማል።

ሰዋስው ወዳድ
ማን አለ ይቀድማል?

ጎንደሬዋ
ወይ ጉድ። አራሹማ ሲሶ ቢደርሰው በምን ዕድሉ። አያቴ ቀዳሽም አራሽም ነበሩ፣ ሁለት ሲሶ ይዘው ኖረው ከሆነ አልነገሩንም።

ቀበና ዳር
ታዲያ ካህን ወዝአደር ነው ማለት ነው? ደመወዙም ወዝ ያለበት፣ ራሱም ወዝአደር። ደርግ ወዝአደር ሲል ካህኑን ረስቶት ነው እንጂ...

የሕግ ሰው
ወዝአደር ከሆነ የሠራተኛ ማኅበር ሊያቋቁም ይችላል።

ዋሸራ ያደረ
በሬው አፉ ታስሮ ነው እንጂ ያቋቁም ነበር።

ሰዋስው ወዳድ
ስለ በሬው እናውራ። «የሚያበራየው» ከማበራየት ነው፣ ብዙ ሰው ግን «የሚያበራው» እያለ ይጽፈዋል። በሬው መብራት ይዞ ነው? በዚህ ላይ አዲስ ርእስ እከፍታለሁ።

ብርሃኑ ዘአራዳ
ይክፈቱ ጋሼ፣ ግን እባክዎ ቁናውን አያምጡ።