የአምፔር መለኪያው መርፌ ይወዛወዛል፤ አዲስ አልተርኔተርም አልፈታውም

ጠያቂ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ባለ አራት ወንበር፣ ባለ አንድ ሞተር አሮጌ አውሮፕላን አለችኝ። ሲስተሟ 14 ቮልት ነው። ሞተሩ ከተነሳ በኋላ የአምፔር መለኪያው መርፌ ግራ ቀኝ ይላል። የዳሽቦርዱ መብራትም አብሮት ደመቅ ደብዘዝ ይላል። የማረፊያ መብራቱን ሳበራ ይብስበታል። አልተርኔተሩ (ከሞተሩ ኤሌክትሪክ የሚያመነጨው) በአዲስ ተቀይሯል፤ ለውጥ የለም። አሁን ደግሞ ሬጉሌተር (ቮልቴጁን የሚቆጣጠረውን) ቀይር እየተባልኩ ነው። ከየት ልጀምር?

ባለ ቴስተሩ፦
ለጊዜው ምንም እንዳትገዛ። መርፌ እንዲህ ሲወዛወዝ መጀመሪያ የሚጠረጠረው የፊልድ መስመሩ ነው፤ አልተርኔተሩ ምን ያህል እንዲያመነጭ የሚወስነው ኤሌክትሪክ የሚሄድበት ገመድ ማለት ነው። በብዙ አሮጌ ትናንሽ አውሮፕላኖች ላይ ኤሌክትሪኩ ከባሱ (ለሁሉም ዕቃ ከሚያከፋፍለው መስመር) ተነስቶ በፊልድ ብሬከሩ (ጭነት ሲበዛ መስመሩን በሚቆርጠው) እና በማስተር ስዊቹ የአልተርኔተር ግማሽ በኩል አልፎ ነው ሬጉሌተሩ ጋ የሚደርሰው። ማስተር ስዊቹ ዋናው ማብሪያ ነው፤ አንዱ ግማሹ ለባትሪው፣ ሌላው ለአልተርኔተሩ። ሬጉሌተሩ ቮልቴጁን የሚያነበውም በዚያው ገመድ ነው። የስዊቹ መገናኛ ካረጀ መንገድ ላይ ቮልት ይጠፋል። ሬጉሌተሩ ዝቅ ያለ ቁጥር ያይና ፊልዱን ይጨምራል። አምፔሩ ሲበዛ የሚጠፋውም ቮልት ይበዛል። የባሱ ቮልቴጅ ከልክ ሲያልፍ ደግሞ ሬጉሌተሩ ፊልዱን ይቆርጣል። መርፌው የሚያሳይህ ይህንን ግብግብ ነው።

አለካኩ ቀላል ነው። ሞተሩ ጠፍቶ የማስተሩን ሁለቱንም ግማሽ አብራ። የቴስተሩን (የቮልት መለኪያውን) ቀይ ጫፍ ባሱ ላይ፣ ጥቁሩን ሬጉሌተሩ መግቢያ ላይ አድርግ። የምታነበው መንገድ ላይ የቀረውን ቮልት ነው። ወደ ዜሮ የተጠጋ መሆን አለበት። ግማሽ ቮልት ከደረሰ ጥቁሩን ጫፍ ወደ ባሱ እየመለስክ በየመገናኛው ለካ። ቁጥሩ ድንገት ከወረደ፣ ያለፍከው ዕቃ ነው ችግሩ። ብዙ አትቆይ፣ ባትሪው ይደክማል።

ሌላ አባል፦
እኔ ግን ባትሪውን ሳታይ እዚያ ውስጥ አትግባ ባይ ነኝ። ሙሉ የሆነ ባትሪ አርፎ ሲለካ 12.6 ቮልት አካባቢ ያሳያል። ሞተሩ ዙር ሲይዝ ባሱ ላይ ከ13.8 እስከ 14.4 ይጠበቃል። አልተርኔተሩን የሚያዞረውን ቺንጋም በእጅህ ሞክረው፤ ከላላ ጭነት ሲበዛ ይንሸራተታል። ፕሮፔለሩ አጠገብ ከመጠጋትህ በፊት ማግኔቶው (ያለ ባትሪ ለሞተሩ እሳት የሚሰጠው) መጥፋቱን አረጋግጥ። ጠፍቶም ቢሆን ፕሮፔለሩን አትመነው።

ባለ ቴስተሩ፦
ባትሪውን ማየቱ አይከፋም። የላላ ቺንጋ ግን እንዲህ በምት አያወዛውዝም። ይልቅ ማሳውን (ከአውሮፕላኑ ብረት ጋር የሚገናኘውን የኔጌቲቭ መስመር) እይ። አንዳንድ ሬጉሌተር ማሳ የሚያገኘው በራሱ ቦዲ ነው። ከታሰረበት ብሎን ሥር ቀለም ወይም ዝገት ካለ ንባቡ ይዛባል።

ፓይለት አባል፦
እስኪጠገን አትብረር። ድንገት አየር ላይ ቻርጅ ቢቋረጥ ግን አትደንግጥ። ሞተርህ በማግኔቶ የሚሠራ ከሆነ እሳቱን ከባትሪ አይፈልግም። የአውሮፕላኑ መመሪያ የሚፈቅድ ከሆነ የአልተርኔተሩን ግማሽ አንዴ አጥፍተህ አብራ። ከልክ ያለፈ ቮልቴጅ ቆርጦት ከሆነ ሊመለስ ይችላል። መልሶ ከቆረጠ ተወው። የማያስፈልገውን ሁሉ አጥፋና ቅርብ የሆነ ሜዳ ላይ አርፍ። ፍላፑ (ለማረፍ የሚዘረጋው የክንፍ ክፍል) በኤሌክትሪክ የሚሠራ ከሆነ ያለ ፍላፕ ለማረፍ ተዘጋጅ።

ጠያቂ፦
ከቴክኒሺያኑ ጋር ለካነው። ከባሱ እስከ ሬጉሌተሩ 0.8 ቮልት ይጠፋል። 0.6ቱ ስዊቹ ላይ ነው፤ የቀረው ብሬከሩ ላይ። ስዊቹን በመገናኛ ማጽጃ ብንረጨውስ?

ባለ ቴስተሩ፦
ለሳምንት ይሻልህ ይሆናል፤ ከዚያ ያው ነው። የተቃጠለ መገናኛ በስፕሬይ አይመለስም። ሁለቱንም ቀይሩ። ዕቃው ለአውሮፕላኑ የተፈቀደ ይሁን፣ የመኪና ስዊች እንዳታስገቡ። ሥራውንም ፈቃድ ያለው ሰው ሠርቶ መዝገቡ ላይ ይፈርም። ሬጉሌተሩን አትንኩት።

ጠያቂ፦
ተቀየረ፣ መርፌው ቀጥ ብሏል! ባሱ 14.1 ነው። ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። አንድ ነገር ብቻ፤ ሬዲዮው ላይ ከሞተሩ ዙር ጋር እየቀጠነ የሚሄድ ፉጨት አለ።

ሌላ አባል፦
እሱ ሌላ ጉዳይ ነው። የአልተርኔተሩን ዳዮዶች (ኤሌክትሪኩን ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፉትን) አስፈትሽ። አንዱ ከሞተ ፉጨት ይመጣል፣ ጉልበቱም ይቀንሳል። አዲስ ስለሆነ ዋስትናው ሳያልፍ ቶሎ በል። ዳዮዶቹ ደህና ከሆኑ የድምፅ ማጣሪያ ካፓሲተሩንና ማሳውን እዩ።