የድብርት መድሃኒት እየወሰድኩ አረገዝኩ፣ ልጄን በኋላ ይጎዳው ይሆን?

ጥያቄ፦ ሚሚ (ሜሪላንድ)
ሰላም እህቶቼ በናታችሁ የምታውቁ መልሱልኝ፣ ሰርትራሊን 50 ሚሊግራም መውሰድ ከጀመርኩ 2 አመት ሆኖኛል አሁን የ10 ሳምንት እርጉዝ ነኝ፣ ትላንት ማታ ቲክቶክ ላይ ይሄን የወሰደች እናት ልጇ ኦቲዝም ወይ ኤዲኤችዲ (ትኩረት ማጣትና መቅበጥበጥ) ይይዘዋል ሲሉ ሰምቼ እንቅልፍ በአይኔ አልዞረም። አማቴም ከአዲስ አበባ ደውለው ተይው ጠበል ይሻልሻል አሉኝ። ዛሬ አልወሰድኩትም። ልተወው?

የሁለት ልጆች እናት፦
ማርያም በሽልም ታውጣሽ የኔ እህት። እኔ በሁለተኛው ልጄ ጊዜ እንዳንቺ ፈርቼ ለማንም ሳልናገር በአንዴ አቆምኩት፣ ሳምንት ሳይሞላ ማዞር ጭንቅላቴን እንደ ኤሌክትሪክ ንዝር የሚያደርግ ነገር ጀመረኝ፣ በወሩ ደግሞ ድብርቱ ተመልሶ ምግብም አስጠላኝ የእርግዝና ክትትሌንም ተውኩት። ለልጄ ብዬ ነው ያቆምኩት እሱ ግን ሆዴ ውስጥ ተራበ። ሐኪሜ መልሳ አስጀመረችኝ። በራስሽ እንዳታቆሚ!

ፋርማሲስት ነኝ፦
ወሬው የመጣው የወሰዱ እናቶችን ካልወሰዱት ጋር ብቻ ካወዳደሩ የድሮ ጥናቶች ነው፣ ድብርቱም በዘር የሚመጣውም ነገር እዛው ውስጥ ተደባልቆ ነበር። በ2017 ስዊድን ውስጥ ከ1.5 ሚሊዮን በላይ ልጆች ታይተው የአንድ እናት ልጆች እርስ በርስ ሲወዳደሩ፣ ማለት አንዱን አርግዛ ስትወስድ ሌላውን ሳትወስድ፣ በኦቲዝምም በኤዲኤችዲም ልዩነት አልተገኘም። በ2022 የወጣው ትልቁ የአሜሪካ ጥናትም መድሃኒቱን ጥፋተኛ አላደረገም። የስዊድኑ ላይ ያለጊዜው መወለድ ግን ትንሽ ከፍ ብሏል። ሌላው፣ ከሶስት አንዱ ገደማ ህፃን እንደተወለደ መንቀጥቀጥ መነጫነጭ ጡት አለመያዝ ያሳያል፣ አብዛኛውን ጊዜ በቀናት ውስጥ ይለቀዋል፣ ስለዚህ የሚያዋልዱሽ ሰዎች መድሃኒቱን ይወቁ። ፓሮክሴቲን የሚባለውን ሌላ የድብርት መድሃኒት የምትወስዱ ካላችሁ እሱ ከህፃኑ የልብ ችግር ጋር ስለሚነሳ ሐኪም ቶሎ አማክሩ።

ሰላም፦
እኔ ግን አቁሜ ነው የወለድኩት፣ ድብርቴ ቀለል ያለ ነበር ሐኪሜ ቀስ በቀስ ቀንሳልኝ በየሳምንቱ ቴራፒ እየሄድኩ ጨረስኩ። የሁሉም አንድ አይደለም።

ፋርማሲስት ነኝ፦
ልክ ነሽ ሰላም፣ ከባድ ለነበረባት ግን ያስፈራል። በ2006 በአሜሪካ በወጣ ጥናት ካቆሙት እርጉዞች 68 በመቶው አገርሽቶባቸዋል፣ ከቀጠሉት 26 በመቶ።

እታለም፦
ሚሚዬ አማትሽን አትጣያቸው ወደው ነው፣ ጠበሉንም ተጠመቂ መድሃኒቱንም ዋጪ አንዱ ሌላውን አይከለክልም፣ ባዶ ሆድሽን ግን እንዳትውዪ። አሜሪካ ያላችሁ ደግሞ ለእርጉዝና ለአራስ ቀንም ሌትም የሚሰራ ነፃ መስመር አለ 1-833-852-6262፣ አስተርጓሚ ብላችሁ ጠይቁ።

ሚሚ፦
እግዜር ይስጣችሁ እያለቀስኩ ነው ያነበብኩት። ሐኪሜ ጋ ደወልኩ፣ የዛሬዋን አሁኑኑ ዋጪ ሐሙስ ነይ ብላኛለች። ባሌም አብሮኝ ይገባል።