ልጆች የሚበሉት መቁጠሪያ በምን ልሥራ?

ሰላም ለሁላችሁ። ፒያሳ አካባቢ ባለ ካቶሊክ ቁምስና እሁድ እሁድ ሕፃናትን ትምህርተ ክርስቶስ አስተምራለሁ። አሁን መቁጠሪያ ላይ ደርሰናል። ልጆቹ በእጃቸው ሠርተው፣ ጸልየውበት፣ በመጨረሻ የሚበሉት ነገር ላሠራቸው ፈልጌ ግራ ገባኝ።

ሙሉው መቁጠሪያ 59 ፍሬ አለው፤ ለትንንሾቹ ይበዛል። ስለዚህ አንድ ምሥጢር፣ ማለትም የመቁጠሪያውን አንድ ክፍል ብቻ አሰብኩ፦ 1 «አባታችን ሆይ» እና 10 የእመቤታችን ሰላምታ። ለ«አባታችን» ቴምር ተስማምቷል። የውስጡ ፍሬ ሲወጣ ክሩ በቀዳዳው ያልፋል። ችግሩ አሥሮቹ ናቸው። ፈንዲሻ መርፌ ሲነካው ይፈረከሳል። የዳቦ ቆሎውን ሊጥ በስንጥር በስቼ ነበር፤ ምጣድ ላይ ሲነፋ ቀዳዳው ተደፈነ። ከተቆላ በኋላማ ድንጋይ ነው፣ መርፌ አያስገባም። ከረሜላ ደግሞ ወላጆች አይወዱም። የሚጾሙ ልጆች ስላሉ ቅቤና እንቁላል አይገባበትም።

አንዳንድ እናቶች ደግሞ «የጸሎት ዕቃ ይበላል እንዴ?» ብለውኛል። ያልተባረከ የመማሪያ ሥራ መሆኑን ነግሬያቸዋለሁ። ለ6 ዓመት ልጅ ግን ይህን እንዴት ላስረዳው? የአያቱን መቁጠሪያ እንደ መጫወቻ እንዲያየው በፍጹም አልፈልግም።

እባካችሁ፣ የሞከራችሁ ካላችሁ ቀዳዳው እንዳይደፈን ምን እንደምታደርጉ ንገሩኝ። ዳቦ ቆሎ ካልሆነም በክር የሚሰካ ሌላ የጾም ነገር ጠቁሙኝ።