የጓሮ ኩሬዬ ውኃ አረንጓዴ ሆነብኝ፤ ምን ላድርግ?

ጥያቄ
ጤና ይስጥልኝ። ጅማ ከተማ ውስጥ በጓሮዬ 4 ሜትር በ3 ሜትር የሆነ፣ 80 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ያለው ኩሬ አስቆፍሬና ወፍራም ላስቲክ አንጥፌ ቆሮሶ የተባለውን ዓሣ ጫጩቶች አሳድጋለሁ። በበጋ ወለሉ ድረስ ይታይ የነበረው ውኃ ክረምቱ ከገባ ወዲህ አረንጓዴ ሆኗል፤ በጠርዙ ላይም ሲጎትቱት እንደ እርጥብ ጸጉር የሚመዘዝ አልጌ ተጣብቋል። ሰሞኑን ማለዳ ማለዳ ዓሣዎቹ አፋቸውን ከውኃው በላይ አውጥተው አየር ሲስቡ አያለሁ። አልጌውን እንዲገድልልኝ ኮፐር ሰልፌት (ከመዳብ የሚሠራ ኬሚካል) እንድጨምርበት የመከሩኝ አሉ። ልጨምር?

ምላሽ 1
እባክዎ አይጨምሩ። አልጌው በአንድ ጊዜ ሲሞትና ሲበሰብስ በውኃው ውስጥ የቀረውን ኦክስጅን ይጨርሰዋል፤ መዳቡም ራሱ ዓሣውን ሊገድል ይችላል። ማለዳ የሚያዩት ምልክት የኦክስጅን እጥረት ነው፤ አልጌ ቀን በፀሐይ ብርሃን ኦክስጅን ቢሰጥም ሌሊቱን እንደ ዓሣው ሁሉ ስለሚጠቀምበት፣ ጎሕ ሲቀድ መጠኑ እጅግ ይወርዳል። ዛሬውኑ ከውኃው አንድ አምስተኛውን ቀድተው ያውጡና በምትኩ ንጹሕ ውኃ ከፍ ካለ ቦታ እያንቆረቆሩ ይጨምሩ፤ የቧንቧ ውኃ ከሆነ ክሎሪኑ እንዲበን ቀድሞ በሰፊ ዕቃ ይደር። ዓሣዎቹ እስኪረጋጉ ድረስ መኖ አይስጧቸው። ለመሆኑ ከኩሬው በላይ ምን አለ?

ጠያቂው
የዶሮ ቤት አለ፤ ከጎኑም ለማዳበሪያ ያከማቸሁት የቡና ገለፈት አለ። ዝናብ ሲጥል ከዚያ የሚወርደው ጠቆር ያለ ጎርፍ ኩሬው ውስጥ ይገባል።

ምላሽ 2
እንግዲያውስ ምክንያቱ ተገኝቷል። ከኩስና ከገለፈት የሚታጠበው ናይትሮጅንና ፎስፈረስ ለአልጌው ማዳበሪያ ነው፤ ይህ እስካልተቋረጠ ድረስ ውኃውን ደጋግሞ መቀየር ድካም ብቻ ይሆናል። በኩሬው የላይኛው በኩል ጎርፉን ወደ ጎን የሚወስድ ቦይ ይቆፍሩ፣ አፈሩንም በጠርዙ ላይ እንደ እርከን ይደልድሉት፤ ገለፈቱን ከኩሬው በታች አዛውረው ይሸፍኑት። ጸጉር መሳዩን አልጌ በእንጨት እየጠቀለሉ ያውጡ፤ ከኩሬው ርቆ ለቡና እግር ጥሩ ማዳበሪያ ይሆናል። ነገር ግን አረንጓዴውን ፈጽሞ ላጥፋው አይበሉ፤ ቆሮሶ በውኃው ላይ የሚንሳፈፈውን ደቃቅ አልጌ ይመገባል። እኔ የምለካው በእጄ ነው፤ ክንዴን እስከ ክርኔ ሳጠልቅ መዳፌ የሚታየኝ ከሆነ ደኅና ነው፣ ገና ከአንጓዬ ትንሽ አልፌ ከጠፋብኝ ግን በዝቷል።

ምላሽ 3
ጥላም ይረዳል፤ የቡና ገበሬ ይህን አያጣውም። ሆኖም ቅጠሉ እየረገፈ ውኃው ውስጥ ስለሚበሰብስ የዛፍ ጥላ አልመክርም፤ በኩሬው ግማሽ ላይ ከሸንበቆ ዳስ ቢሠሩ ይሻላል። የገብስ ጭድ በከረጢት አድርጎ ማንሳፈፍም አዲስ አልጌ እንዳይበቅል በአንዳንድ ኩሬዎች ረድቷል፤ የበቀለውን ግን አይገድልም፣ ሳምንታትም ይፈልጋል። ውኃ ያጠራል ተብሎ እምቦጭ ቢሰጥዎ አይቀበሉ፤ ከ2004 ዓ.ም. ወዲህ ጣና ላይ ያደረሰውን እናውቃለን።

ጠያቂው
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ቦዩን ትናንት ቆፈርኩ፤ ሌሊት የጣለው ዝናብ በጎን አልፎ ሄዷል። እጄን ሳጠልቅ መዳፌ የጠፋብኝ አንድ ስንዝር ሳይሞላ ነው፤ በየሳምንቱ እየለካሁ እጽፍላችኋለሁ።