ላይብረሪያችን ማኅበራዊ ሚዲያ ላይ ይውጣ ተባለ፤ ከየቱ ልጀምር?

መደርደሪያ (ሐዋሳ)

ሰላም ለሁላችሁ። ሐዋሳ ውስጥ በአንድ የሕዝብ ላይብረሪ እሠራለሁ። የውሰት መዝገቡን፣ ካታሎጉን፣ መደርደሪያውን ከነጓዳው አውቀዋለሁ። በቅርቡ «ላይብረሪው ማኅበራዊ ሚዲያ ላይ ይውጣ» ተባለና ሥራው ለእኔ ተሰጠ። ከልቤ ደስ ብሎኛል። ግን ፌስቡክን ከዘመድ ጋር ሰላም ለመባባል፣ ቴሌግራምን ለዕድር መልእክት ከመጠቀም ያለፈ ልምድ የለኝም።

ለምን ደስ እንዳለኝ ልንገራችሁ። አንዲት የ12ኛ ክፍል ተማሪ ከቱላ ድረስ መጥታ የፊዚክስ መጽሐፍ ጠየቀችኝ። ያለን አንድ ኮፒ ነው፤ እሱም ወጥቷል። መዝገቡን ገልብጬ የሚመለስበትን ቀን ነገርኳት። «እሺ፣ አመሰግናለሁ» ብላ ሄደች። የታክሲውን ሒሳብ ሳስበው አንጀቴን በላችው። ስልኩ እኮ እጇ ላይ ነበር። መጽሐፉ እንደሌለ ቤቷ ሆና ማወቅ ትችል ነበር።

ሌላም አለ። ከኋላ በኩል በድጋሚ የተጠረዙ የቆዩ የአማርኛ ልቦለዶች አሉን። ሲጠረዙ ጀርባቸው በጥቁር ጨርቅ ስለተሸፈነ ርዕሳቸው አይታይም። የሚታየው በነጭ ቀለም የተጻፈው 892.87 የሚለው ቁጥር ብቻ ነው። ለእኛ የአማርኛ ሥነ ጽሑፍ ማለት ነው፤ ለአንባቢው ግን ምንም አይነግረውም። ስለዚህ አልፏቸው ይሄዳል። በሲዳሙ አፎ የተጻፉ የልጆች መጻሕፍትም አሉን። ብዙ ወላጅ መኖራቸውን እንኳ አያውቅም።

ማታ ማታ ስሞክር ሰነበትኩ። የፌስቡክ ፔጅ፣ የቴሌግራም ቻናልና ግሩፕ፣ ቲክቶክ፣ ብሎግ፣ ሁሉንም ነካ ነካ አድርጌያለሁ። ላይብረሪቲንግ የሚባል ድረ ገጽም አየሁ። እ.ኤ.አ. በ2005 የተጀመረ ነው። ሰው ያለውን መጽሐፍ ይመዘግብበታል፤ ተመሳሳይ መጽሐፍ ያለው ሌላ አንባቢ ምን እንዳነበበም ያያል። ለላይብረሪ ሠራተኛ ልብ የሚያሞቅ ነገር ነው። የእኛን የአማርኛ መጻሕፍት ግን አንድ በአንድ በእጅ ማስገባት ሊኖርብኝ ነው። የእኛ አንባቢም እዚያ አይውልም።

ጥያቄዬ ይኼ ነው። ሥራው ላይ ያለሁት ብቻዬን ነኝ፤ ኢንተርኔቱም የራሴ ፓኬጅ ነው። አንዱን ብቻ መርጬ በደንብ ልያዝ ብል የቱ ይሻላል? ምንስ ልለጥፍበት? ለሙከራ ግሩፕ ከፍቼ ጥቂት ተማሪዎች ሳስገባ መጀመሪያ የመጣው ጥያቄ «ፒዲኤፍ ላኩልን» ነው። ከበላይ ደግሞ የስብሰባ ፎቶ እንዲወጣ ይፈለጋል። በሁለቱም ውስጥ የእኛ ላይብረሪ አልታየኝም።

አዳማ ት/ቤት

እህቴ፣ እንኳን ደስ አለሽ። እኔ አዳማ ውስጥ የትምህርት ቤት ላይብረሪ ነው የምሠራው። ያለ ማመንታት ቴሌግራም በይ። ተማሪው ያለው እዚያ ነው። ኔትወርክ ሲደክምም ጽሑፍ ይደርሳል።

ግን ቻናል ይሁን፤ ግሩፑን ተዪው። ግሩፕ ላይ ሁሉም ይጽፋል። ሌሊቱን ሊንክ በታኝና ማስታወቂያ ለጣፊ ሲሞላው ያድርና ጠዋት ስታጸጂ ትውያለሽ። አባላቱም እርስ በርስ ይተያያሉ። የምንሠራው ከታዳጊዎች ጋር ነውና ይኼ ቀላል ነገር አይደለም። ቻናል ላይ የምትጽፊው አንቺ ነሽ፤ ተከታዮቹ አንዱ ሌላውን አያየውም። አስተያየት እንዲሰጡ ከፈለግሽ በኋላ የውይይት ግሩፕ ከቻናሉ ጋር ማያያዝ ይቻላል። አሁን አትቸኩዪ።

በግል ቁጥርሽ እንዳትከፍቺው። በመሥሪያ ቤቱ ስም የወጣ ሲም ጠይቂ። የማውቀው አንድ ላይብረሪ ውስጥ ቻናሉን የከፈተው ልጅ ተዛወረ። ቻናሉ እስከ ዛሬ አለ፤ የሚጽፍበት ሰው ግን የለም። ባለቤትነትን ለሌላ ሰው ማስተላለፍ ይቻላል። ነገር ግን ባለ ሁለት ደረጃ ማረጋገጫው (ወደ ስልክ ከሚላከው ኮድ ሌላ የሚጠየቀው የይለፍ ቃል) በርቶ ቢያንስ 7 ቀን የሞላው መሆን አለበት። ዛሬውኑ አብሪው።

ምን ልለጥፍ ላልሽው፣ እኔ ጠዋት ጠዋት የተመለሱትን መጻሕፍት ሽፋን ፎቶ አንስቼ እለጥፋለሁ። እንደ ፋይል ሳይሆን እንደ ፎቶ ላኪው፤ ቴሌግራም ራሱ ያሳንሰዋል፣ የሰው ዳታም አይበላም። ከሥሩ #ልቦለድ ወይም #የልጆች_መጻሕፍት ብለሽ ጻፊ። ሰው ያንን ሲነካው የድሮዎቹ ፖስቶች ይወጡለታል። ርዕሱን ስትጽፊ ፊደሉን ልብ በይ። ሽፋኑ ላይ «ፀሐይ» ቢልም «ጸሀይ» ብሎ የሚፈልግ አንባቢ አለ። ሁለቱንም ጻፊለት።

መጽሐፍ አዟሪ

እኔም የሐዋሳ ልጅ ነኝ፤ ፒያሳ አካባቢ መጽሐፍ እሸጣለሁ። ስለ ፒዲኤፉ ዝም ማለት አልቻልኩም። እህቴ፣ እባክሽ በዚያ መንገድ አትሂጂ። አዲስ መጽሐፍ በወጣ ሰሞን ቴሌግራም ላይ ስካን ተደርጎ ይበተናል። ደራሲው ለማተሚያ ቤት የከፈለውን እንኳ ሳይመልስ ይቀራል። ለሁለተኛው መጽሐፍ ከየት ያምጣ?

ሕጉም ግልጽ ነው። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ ዐዋጅ ቁጥር 410/1996 ደራሲው በሕይወት እስካለና ካረፈ በኋላም 50 ዓመት መብቱን ይጠብቃል። ለላይብረሪ የተተወ ክፍት ቦታ አለ፤ ለሚያጠና ሰው አጭር ክፍል ማባዛትን ይመለከታል። መጽሐፍን በሙሉ ቻናል ላይ መልቀቅ ከዚያ ጋር አይገናኝም። ሽፋኑን፣ ማውጫውን፣ ከመሐሉ አንዲት አንቀጽ ከነደራሲው ስም አውጪ። እመኚኝ፣ አንዲት ጥሩ አንቀጽ ያነበበ ሰው መጽሐፉን ፈልጎ ይመጣል፤ ወይ አንቺ ጋ፣ ወይ እኔ ጋ።

መደርደሪያ (ሐዋሳ)

ሁለታችሁንም አመሰግናለሁ። ወንድሜ፣ ያልከው ገብቶኛል፤ እኔም የደራሲን ላብ ማፍሰስ አልፈልግም። ግን ያቺ የቱላዋ ተማሪ ከዐይኔ አልጠፋም አለችኝ። መግዛት አትችልም፤ እኛ ጋ ያለው አንድ ኮፒ ነው። «የለም» ብቻ ብዬ ልሸኛት?

መጽሐፍ አዟሪ

የመማሪያ መጽሐፍ ከሆነ ነገሩ ሌላ ነው። ትምህርት ሚኒስቴር ራሱ በነፃ እንዲወርዱ ያወጣቸው አሉ። የእነሱን ሊንክ አስቀምጪላት። እኔም እደግፋለሁ።

ጡረተኛው

ልጄ፣ ጥያቄሽን ሳነብ ደስ አለኝ። ብዙ ዘመን በቤተ መጻሕፍት ሠርቼ ጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝ።

አንቺ ማታ ማታ የምታደርጊው ሙከራ ታሪክ አለው። እ.ኤ.አ. በ2006 አሜሪካ፣ ሻርሎት ከተማ ባለው የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ሄሊን ብላወርስ የምትባል ባለሙያ 23 ትናንሽ ተግባራት አዘጋጀች። ሠራተኛው በየራሱ ጊዜ ብሎግ ይከፍታል፣ ፎቶ ይጭናል፣ ዊኪ (ብዙ ሰው አብሮ የሚጽፈውና የሚያርመው ድረ ገጽ) ይነካካል። ለጨረሰ ሰው የሙዚቃ ማጫወቻ ይሸለም ነበር። ከዚያ በሌሎች አገሮች ያሉ ቤተ መጻሕፍትም ወሰዱት። የወደድኩለት ነገር ከዘበኛ እስከ ኃላፊ ማንም ቢሆን ነካክቶ እንዲማር ሰዓት መስጠቱን ነው። ስለዚህ ለብቻሽ አትሸከሚው። የሥራ ባልደረቦችሽን ሰብስቢና በሳምንት አንድ ሰዓት ከሥራ ሰዓት ላይ ጠይቂ።

ሁለተኛ፣ ዊኪፔዲያን እንዳትረሺው። በአማርኛም አለ። እ.ኤ.አ. ከ2016 ጀምሮ «ዋን ሊብ ዋን ሬፍ» የሚባል ዘመቻ ይካሄዳል። እያንዳንዱ የቤተ መጻሕፍት ባለሙያ ለአንድ ጽሑፍ አንድ ምንጭ ይጨምር ነው የሚለው። ስለ ሐዋሳ፣ ስለ ሲዳማ የተጻፉ መጻሕፍት መደርደሪያሽ ላይ አሉ። የገጽ ቁጥራቸውን ካንቺ የተሻለ ማን ያውቃል?

አንድ ነገር ደግሞ አደራ እልሻለሁ። ማን ምን እንደተዋሰ በምንም መንገድ አይለጠፍ። «እገሌ ይህን አነበበ» ብሎ ማሞገስ እንኳ ቢሆን። የሚያነብ ልጅ ፎቶም ያለ ወላጅ ፈቃድ አይውጣ። የግል መረጃ ጥበቃ ዐዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ ወዲህ የሕግም ጉዳይ ነው። ለእኔ ግን ሕጉ ሳይመጣም የሙያችን ክብር ነበር።

መደርደሪያ (ሐዋሳ)

ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ምክርዎን ለባልደረቦቼ አነበብኩላቸው። የውሰት መዝገቡ ከጠረጴዛው አይወጣም።

የወሰንኩትን ልንገራችሁ። ሲሙን በደብዳቤ ጠይቄያለሁ። ቻናል ብቻ ይሆናል። ጠዋት የተመለሱት መጻሕፍት ይለጠፋሉ፤ ከሰዓት ደግሞ ጀርባቸው ከተሸፈነው ልቦለዶች አንዱን ገልጬ የርዕሱን ገጽና አንዲት አንቀጽ አወጣለሁ። «ይህ መጽሐፍ አለ ወይ?» ለሚለው ጥያቄ በሥራ ሰዓት በውስጥ መስመር እመልሳለሁ። የስብሰባ ፎቶውን በተመለከተ ኃላፊዬን አነጋገርኳቸው። ለእሱ የመሥሪያ ቤቱ ፔጅ ይበቃል አልኳቸው፤ ተስማምተዋል።

የቀረኝ አንድ ጥያቄ ነው። የሲዳሙ አፎ መጻሕፍቱን በላቲን ፊደል ነው የምጽፋቸው። ለብቻቸው ሌላ ቻናል ልክፈት ወይስ አብረው ይሁኑ?

አዳማ ት/ቤት

አብረው ይሁኑ። እኛም ጋ አፋን ኦሮሞና አማርኛ አንድ ቻናል ላይ ናቸው። ሁለት ቻናል ከፍተሽ አንዱ ሲደርቅ ከምታዪ፣ ርዕሱን እንደ ሽፋኑ በላቲን ጻፊና ከሥሩ በአማርኛ ለስንት ዓመት ልጅ እንደሚሆን አስረጂ። ወላጁ አማርኛውን ያነባል፣ ልጁ ሽፋኑን ያያል። ብዙ ፖስት በአንድ ቀን ካለሽ ደግሞ የመላኪያውን ምልክት ተጭነሽ ቆዪ፤ ሰዓት ቀጥረሽ ወይም ያለ ድምፅ መላክ የሚል ይመጣልሻል። ሲከፈት ሊንኩን እዚህ አስቀምጪው፣ እኔም ልከተል።