ሦስት ድርጅቶች በጋራ የሚሠሩባቸውን የክላውድ ክፍሎች በምን መመዘኛ እንምረጥ?

ጣና ዳር፦
እንደምን ሰነበታችሁ። ባሕር ዳር በሚገኝ የዓሣ አስጋሪዎች ኅብረት ሥራ ማኅበር የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ። ማኅበሩ ቆሮሶና አምባዛ ለከተማው ሆቴሎች ያቀርባል፤ የሚያጓጉዘው ደግሞ ማቀዝቀዣ መኪና ያለው ሌላ ድርጅት ነው። ትእዛዝ በስልክ፣ ርክክብ በወረቀት ስለሆነ የሦስታችን መዝገብ በወር መጨረሻ እምብዛም አይገጥምም። ስለዚህ የትእዛዝ መቀበያ፣ የርክክብ ማረጋገጫና የክፍያ ማስታረቂያ ክፍሎችን (በኢንተርኔት የሚሠሩ ፕሮግራሞችን) ከተለያዩ የክላውድ አቅራቢዎች ተከራይተን ለማገናኘት አስበናል። የቀረቡልን አማራጮች በወረቀት ላይ ሁሉም አንድ ዓይነት ናቸው። በምን እንለያቸው?

ሥርዓት ቀያሽ፦
አቅራቢ ከማነጋገራችሁ በፊት ሦስታችሁም ተቀምጣችሁ ማን ለማን ምን መልእክት መቼ እንደሚልክ ሣሉ። ለዚህ የሚያገለግለው የሂደት መሣያ ደንብ ቢፒኤምኤን 2.0 ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ2011 ወጥቶ በ2013 የአይኤስኦ ደረጃ ሆኗል። ጠቀሜታው እያንዳንዱ ድርጅት የውስጥ አሠራሩን ሳይገልጥ ከሌላው ጋር የሚገናኝበትን ብቻ ማሳየት መቻሉ ነው፤ ሆቴሉ ውስጥ ግዢውን ማን እንደሚያጸድቅ ማወቅ አያስፈልጋችሁም። ዋናው ነገር ግን ሥራው ከተለመደው መንገድ ሲወጣ የሚላከው መልእክት ነው። ብዙዎቹ የትእዛዝ ክፍሎች የተሠሩት ዕቃው መጋዘን ውስጥ ተቆጥሮ እንዳለ ታስቦ ነው፤ ዓሣ ግን ከመጠመዱ በፊት አይቆጠርም። ሆቴሉ 40 ኪሎ አዝዞ ጀልባው 25 ብቻ ይዞ ቢመለስ፣ ያለውን አረጋግጦ ቀሪውን መሰረዝ ወይም ለነገ ማሳደር የማይችል ክፍል ዋጋው ምንም ቢረክስ ከዝርዝሩ ይውጣ።

የኔትወርክ ሰው፦
በሥዕሉ እስማማለሁ፤ ይሁንና እኔ ከርክክቡ እጀምር ነበር። አቅራቢዎች 99.9 በመቶ አገልግሎት እንሰጣለን ሲሉ በወር እስከ 43 ደቂቃ ገደማ ሊቋረጥ ይችላል ማለታቸው ነው፤ እሱም የእነሱን ሰርቨር እንጂ የእኛን መስመር አይመለከትም። ስለዚህ ከመፈረማችሁ በፊት የሾፌሩን ስልክ ከኢንተርኔት አውጥታችሁ ርክክብ መዝግቡ፣ መልሳችሁ አገናኙትና ያንኑ መልእክት ሁለት ጊዜ ላኩ። አንድ ርክክብ ሁለት ሆኖ ከተመዘገበ ሒሳባችሁ ከወረቀቱ ጊዜ የባሰ ይዛባል። የክፍያ ማስታረቂያውን ለጊዜው ተዉት፤ ትእዛዝና ርክክብ በአንድ መለያ ቁጥር ከተያያዙ ኤክሴል ይበቃል።

ጣና ዳር፦
እናመሰግናለን። ውሉስ በማን ስም ይሁን?

ሥርዓት ቀያሽ፦
በማኅበሩ ስም ቢሆን ይሻላል፤ ሆኖም ሁለቱ ድርጅቶች የራሳቸውን መዝገብ በፈለጉ ጊዜ ማውጣት እንዲችሉ በጽሑፍ ይስፈር። የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205/2012 ለኤሌክትሮኒክ መልእክት ሕጋዊ ዕውቅና ስለሚሰጥ፣ የስልኩ ርክክብ እንደ ማስረጃ እንዲያገለግል ሦስታችሁም ተስማሙበት። የአስጋሪዎቹ ስምና ስልክ ውጭ አገር ባለ ሰርቨር የሚቀመጥ ከሆነ ደግሞ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016ን አስቀድማችሁ ከሕግ ባለሙያ ጋር ተመልከቱ። ለአቅራቢዎቹ የምትከፍሉትን በተመለከተ፣ በዐቢይ ጾም 55 ቀናት የዓሣ ትእዛዝ ስለሚበዛ በትእዛዝ ብዛት የሚያስከፍለውንና በወር ቋሚ የሚያስከፍለውን በጾሙ ወራት መጠን አስልታችሁ አወዳድሩ፤ ዋጋው በዶላር ከሆነ ምንዛሪውንም አትርሱ።