ፕሮፖዛሉ ሐሙስ ይላካል፤ ሐሳብ ያላችሁ አሁኑኑ ጻፉ

ጸሐፊ፦
ረቂቁን አያይዣለሁ። ዓላማው ባለፈው የተስማማንበት ነው። እኛ የጨረራ ባለሙያዎች ለተቆጣጣሪው ባለሥልጣን የቴክኒክ ደጋፊ እንሁን፤ ለዚያም ውጭ ካሉ አቻዎቻችን ጋር እንተሳሰር። ቤልጂየም ውስጥ ቤል ቪ፣ ጀርመን ውስጥ ጂ.አር.ኤስ. የሚባሉት ድርጅቶች የሚሠሩት ይህን ነው። ፈቃድ የሚሰጠው ተቆጣጣሪው ነው፤ የደኅንነት ስሌቱን የሚፈትሹለት እነሱ ናቸው። እ.ኤ.አ. ከ2006 ጀምሮ ደግሞ ኤትሰን የሚባል የጋራ መረብ አላቸው። አንዱ ያየውን ችግር ሌላው ሳይደርስበት ይሰማል። በጀቱ ገጽ 4 ላይ ነው።

ፊዚክስ ክፍል፦
አውሮፓ ብቻ ለምን? ደቡብ አፍሪካ የኩበርግን የኒውክሌር ማመንጫ እ.ኤ.አ. ከ1980ዎቹ ጀምራ ታንቀሳቅሳለች። ግብፅም የኤል ዳባን ማመንጫ እየገነባች ነው። የአፍሪካ የኒውክሌር ተቆጣጣሪዎች መድረክም እ.ኤ.አ. ከ2009 ጀምሮ አለ። እዚያም እናንኳኳ።

ቦርከና፦
ገጽ 4ን አየሁት። የጨረራ መለኪያው፣ ሰርቬይ ሜትሩ፣ «ደሴ ይቀመጣል» የሚለውን ማን ጻፈው?

ጸሐፊ፦
እኔ። ድሮም ደሴ ነው ያለው።

ቦርከና፦
ድሮ ስለነበረ ልክ ነው ማለት አይደለም። ፋብሪካው ኮምቦልቻ ነው። ቁርጥራጭ ብረት በመኪና የሚራገፈው ኮምቦልቻ ነው። ብራዚል ጎያኒያ ላይ እ.ኤ.አ. በ1987 የሆነውን ታውቃላችሁ። ከተተወ የካንሰር ሕክምና ተቋም የወጣ መሣሪያ ቁርጥራጭ ነጋዴ እጅ ገባ። ውስጡ ሲዚየም 137 የሚባል ጨረራ አመንጪ ነገር ነበረ። 4 ሰው ሞተ። 112 ሺህ ያህል ሰው ተመረመረ። እንዲህ ያለ ነገር እኛ ጋ ቢራገፍ የሐረጎን ዳገት ወጥቼ ደሴ መለኪያ ልፈልግ ነው?

ጦሳ፦
ኤክስሬዩም ሲቲ ስካኑም የበዛው ደሴ ነው። በየሳምንቱ የምንለካው እኛ ነን። እናንተ ባለፈው ወስዳችሁ ስንት ወር አቆያችሁት? ባትሪው ውስጡ ፈሶ ነው የመለሳችሁት።

ቦርከና፦
አዲሱን ባትሪ ከኪሴ ገዝቻለሁ። ደረሰኙንም ሰጥቻለሁ።

ገንዘብ ያዥ፦
እኔ ጋ የደረሰ ደረሰኝ የለም።

ቦርከና፦
ጋሼ፣ በእጅዎ ነው የተቀበሉኝ። ፒያሳ፣ የስብሰባው ዕለት።

አዲስ አባል፦
ሁለተኛ መለኪያ መግዛት አይቻልም?

ገንዘብ ያዥ፦
ያለን 46 ሺህ ብር ነው። አይቻልም።

ፊዚክስ ክፍል፦
ከመለኪያው የሚበልጥ ነገር አለ። ግማሾቻችን እንጀራችን የኤክስሬይ ጥገና ነው። ታዲያ አንድ ሰው ራሱ የጠገነውን ማሽን «ደህና ነው» ብሎ ለተቆጣጣሪው ሊጽፍ ነው? አቻ የምንላቸው ሰዎች መጀመሪያ የሚጠይቁን ይህን ነው። ገለልተኛ ያልሆነ ግምገማ ማንም አይቀበለውም። ረቂቁ ውስጥ ስለዚህ አንድ መስመር የለም። እባካችሁ እዚህ ላይ እንነጋገር።

ጦሳ፦
ልክ ነህ። ግን መጀመሪያ የመለኪያው ነገር ይለይለት።

ቦርከና፦
እኔም እሱን ነው የምለው። ሁልጊዜ የምንወጣው እኛ፣ የምትጠብቁን እናንተ። የትራንስፖርቱን ማንም ተክቶልን አያውቅም። እንዲህ ከሆነ የኮምቦልቻ ልጆች ስም ከፕሮፖዛሉ ይውጣ።

ሰብሳቢ፦
የማንም ስም አይወጣም። ኢትዮጵያ ዓለም አቀፉ የአቶሚክ ኃይል ኤጀንሲ እ.ኤ.አ. በ1957 ሲመሠረት ጀምሮ አባል ናት። አሁን ደግሞ መንግሥት የኒውክሌር ማመንጫ እገነባለሁ እያለ ነው። ያን ጊዜ ተቆጣጣሪው የሚያማክረው የአገር ልጅ ሲፈልግ እናንተ በመደርደሪያ ትጣላላችሁ? አዝኛለሁ።

ቦርከና፦
ጋሼ፣ በንዴት ነው የጻፍኩት። ጦሳ፣ ይቅር በለኝ ወንድሜ።

ጦሳ፦
እኔም የባትሪውን ነገር አበዛሁት። መለኪያው ግን ደሴ ይሁን።

ጸሐፊ፦
የእንግሊዝኛውን ደብዳቤ እጽፋለሁ ያለው አባል የት ገባ? 9 ቀኑ። ስልኩንም አያነሳም።

አዲስ አባል፦
ደብዳቤውን እኔ ልሞክረው። ሌላም ነገር አለ። ትናንት መለኪያውን አየሁት። የካሊብሬሽኑ፣ ማለትም በትክክል መለካቱ የሚረጋገጥበት፣ ጊዜ ካለፈ 2 ዓመት ከ7 ወር ሆኖታል። ወረቀቱ ጀርባው ላይ ተለጥፏል።

ፊዚክስ ክፍል፦
እስካሁን የመዘገብነው ልኬት ሁሉ በዚህ ነው?

ጦሳ፦
አዎ። የፈረምኩት እኔ ነኝ። ወላሂ ወረቀቱን አላየሁም። የለካኋቸውን ክፍሎች ዝርዝር ዛሬ ማታ እልካለሁ። መሣሪያው ካሊብሬት ተደርጎ ሲመጣ ሁሉም እንደገና ይለካ። እዚያ ክፍል ውስጥ ቀኑን ሙሉ ቆመው የሚሠሩ ልጆች አሉ።

ጸሐፊ፦
እንግዲያው ገጽ 4 ይለወጣል። ለውጭ ግንኙነቱ የያዝነው ገንዘብ ለካሊብሬሽንና ለድጋሚ ልኬቱ ይሁን። ትስስሩ ለሁለተኛ ዙር ይቆየን። ርዕሱንም «የልኬት ጥራት ማሻሻያ» ብዬዋለሁ።

ፊዚክስ ክፍል፦
የገለልተኛነቱስ አንቀጽ?

ጸሐፊ፦
አንድ ገጽ ጻፍና እስከ ረቡዕ ላክልኝ።

ሰብሳቢ፦
ረቡዕ ማታ ነው። አንቀጹ ደርሷል?

ጸሐፊ፦
አልደረሰም።

ቦርከና፦
ሰኞ አዲስ አበባ እሄዳለሁ። ሰርቬይ ሜትሩን ይዤው ልሂድ። እሑድ ደሴ ወጥቼ ከጦሳ እቀበላለሁ።

ጦሳ፦
አትውጣ። እኔ ይዤልህ እወርዳለሁ።

ገንዘብ ያዥ፦
ደረሰኙ ተገኝቷል። የኮቴ ኪስ ውስጥ ነበር። 340 ብርህን ከጦሳ ጋር እልክልሃለሁ።